“የምር ነው ወይስ ድራማ?”
ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያላለቀው የሬስሊንግ ክርክር

እሁድ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ የምዕራብ ጎጃም ሰው ገና ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት ሰዓት፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጆን ሲና ለመጨረሻ ጊዜ ሪንግ ላይ ወጣ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቅዳሜ ዲሴምበር 13 ቀን 2025 ማታ መሆኑ ነው። ተጋጣሚው ግዙፉ ኦስትሪያዊ ጉንተር ነበር። የጉንተር ክንድ የሲና አንገት ላይ እንደ ዘንዶ ተጠመጠመ። ሲና ታገለ፣ አመለጠ፣ እንደገና ተያዘ። በመጨረሻ ፈገግ አለና በእጁ መታ መታ አደረገ። እጅ ሰጠ ማለት ነው።

“ፈጽሞ እጅ አትስጥ” የሚለውን መፈክር በኮፍያውና በካኔተራው ላይ አትሞ ከ20 ዓመት በላይ የኖረ ሰው በመጨረሻው ቀን እጅ ሰጠ! አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ማመን አቅቶት በተቃውሞ ጮኸ።

ይህ ጩኸት አትላንቲክን ተሻግሮ ጎጃም ሲደርስ ሦስት ቦታ ተከፈለ። የሬስሊንግ ነገር ከተነሳ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ሻይ ቤቶች ሦስት ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንደኛው “አዋረዱት! ይሄን ያህል ዘመን ያገለገለ ሰው እንዲህ ይሸኛል?” ባይ ነው። ሁለተኛው ነገሩን ጠጋ ብሎ የሚያውቅ ነው፤ በሬስሊንግ ዓለም የሚሰናበት ሰው ለሚቀረው ሰው ተሸንፎ፣ ስሙንና ክብሩን አውርሶ መሄዱ የቆየ ወግ ነው ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው ደግሞ ስኒውን አስቀምጦ “ኧረ በናታችሁ! ሁሉም ድራማ ነው፤ ምን ያጨቃጭቃችኋል?” ይላል። ክርክሩ የሚጦፈውም ያን ጊዜ ነው።

ይህ ክርክር ሃያ ዓመት አልፎታል። የተጀመረውም ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው።

የአንድ ብር ዓለም

ያኔ ሞባይል የሀብታም ዕቃ ነበር። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ የተደረደሩት ከተሞች፣ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ በየመንደራቸው ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ጭቃ ቤት፣ መስኮቱ በጆንያ የተጋረደ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ የተቀመጠበት። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ወይም አንድ ብር ነው። በር ላይ በጠመኔ “ዛሬ ካራቴ”፣ “ዛሬ ሕንድ”፣ “ዛሬ ሬስሊንግ” ተብሎ ይጻፋል። ሬስሊንግ የተጻፈ ቀን መቀመጫ አይገኝም።

ሮክ፣ ስቶን ኮልድ፣ ትሪፕል ኤች፣ ቢግ ሾው፣ ሬይ ሚስቴሪዮ፣ ባቲስታ... ስማቸው ከሠፈር ልጅ ስም ጋር እኩል ይጠራ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን አንደርቴከር። እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረው ይህ ሰው መብራት ጠፍቶ፣ ደወል ተደውሎ፣ ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ ቀስ እያለ ሲመጣ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ያለ ሕፃን ትንፋሹን ይውጣል። “ሞቶ ይነሳል” የሚለውን ወሬ ያላመነ ልጅ አልነበረም። ኬን ወንድሙ እንደሆነ፣ ፊቱም በእሳት ተቃጥሎ ጭንብል እንዳጠለቀ የሚተርከው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ታሪክ በላይ በቃል ይጠና ነበር።

ሁለቱ ወንድማማቾች አይደሉም። የኬን ትክክለኛ ስም ግሌን ጃኮብስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የኖክስ ካውንቲ ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል፤ በ2022ም በድጋሚ አሸንፏል። ያ ሰው በእሳት የሚጫወት ጭራቅ መስሏቸው ሌሊት ያልተኙ ልጆች ዛሬ የልጆች አባት ሆነዋል። እሱ ደግሞ ስለ መንገድና ስለ በጀት የሚሰበሰብ ባለሥልጣን ሆነ።

የድርጅቱ ስም መለወጥ እንኳ ለቪዲዮ ቤቱ ደንበኛ ራሱን የቻለ ክርክር ነበር። ደብሊው ደብሊው ኤፍ የሚለው ምህጻር የዱር እንስሳት ተከራካሪ የሆነው፣ ዓርማው ፓንዳ የሆነው ዓለም አቀፍ ድርጅትም ስም ነው። ድርጅቱ ከሶ ስለረታ የቪንስ ማክማን ኩባንያ ከሜይ 2002 ጀምሮ ደብሊው ደብሊው ኢ ተባለ። እዚህ ግን ካሴቱ አሮጌ ስለሆነ ለዓመታት “ኤፍ ነው” እና “ኢ ነው” የሚባባሉ ሁለት ወገኖች ነበሩ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። የተለያየ ካሴት አይተው ነው።

ሰው ሞቶ በካሴት ሲታገል

የዚያ ዘመን ትልቁ ችግር ይሄው ነበር። ካሴቱ በተራ አይመጣም። ቡሬ የደረሰው የ2003 ሲሆን፣ ፍኖተ ሰላም የደረሰው የ2001 ሊሆን ይችላል። በቡሬ ሻምፒዮን የሆነው ሰው በፍኖተ ሰላም ገና ጀማሪ ነው። በገበያ ቀን የሁለቱ ከተማ ልጆች ሲገናኙ “ቀበቶው የማነው?” በሚለው ብቻ ለቡጢ ይጋበዛሉ።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የኤዲ ጉሬሮ ነገር ነው። ይህ ሜክሲኮ አሜሪካዊ እያጭበረበረ የሚያሸንፍ፣ እያሳቀ የሚያጭበረብር ተወዳጅ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2005 በልብ ሕመም በሆቴል ክፍሉ ሞተ፤ ዕድሜው 38 ነበር። እሱ ከሞተ በኋላም ግን ካሴቱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ነበር። ኤዲ እየሳቀ፣ መኪናውን እያስጨፈረ ይመጣል፤ ሕፃናቱ ያጨበጭባሉ። መሞቱን የሰማ አንድ ልጅ ከመሃል ቢናገር “ውሸታም” ተብሎ ይወጣል። ያየውን የሚያምን ልጅ ምን ይፍረድ? ሰውዬው ፊቱ እየዘለለ ነዋ!

ታዲያ ምኑ ነው የውሸት?

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። መልሱን ባለቤቱ ራሱ ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የቪንስ ማክማን ኩባንያ ለኒው ጀርሲ ግዛት ሴኔት ሬስሊንግ ውድድር ሳይሆን መዝናኛ መሆኑን አምኖ ተናገረ። ለእውነት ብሎ ግን አይደለም። ስፖርት ከሆነ የስፖርት ኮሚሽን ይቆጣጠረዋል፣ ግብርም ይከፍላል። መዝናኛ ነው ካለ ከዚህ ሁሉ ይገላገላል። ስለዚህ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ማን ክፉ፣ ማን ደግ እንደሚሆንም ይጻፋል። “ድራማ ነው” የሚለው የሻይ ቤቱ ሦስተኛ ሰው እዚህ ድረስ ልክ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ሲሰማ ዝም ቢል ይሻለዋል።

ሪንጉ ፍራሽ አይደለም። ከታች ብረት፣ በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ስስ ስፖንጅና ሸራ ነው። ሰው ከገመዱ ጫፍ ዘሎ ሲወድቅ የሚወድቀው ጣውላ ላይ ነው። አሸናፊው በወረቀት ላይ ይጻፋል፤ የመሬትን ስበት ግን የሚጽፍ ደራሲ የለም። እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 1998 በፒትስበርግ አንደርቴከር ሚክ ፎሊን ከብረት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወርውሮ ጣለው። አምስት ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ነው። ፎሊ በቃሬዛ ሲወሰድ ተነስቶ ተመልሶ ወጣ፤ አሁንም ጣሪያው ተበስቶ ወደ ውስጥ ወደቀ። ጥርሱም ወለቀ። ያን ካሴት ያየ የቡሬ ልጅ ዛሬም ሲያወራው እጁን አገጩ ላይ ያደርጋል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1997 ስቲቭ ኦስቲን በኦውን ሃርት ፓይልድራይቨር፣ ማለትም ሰውን ዘቅዝቆ በጭንቅላቱ በመትከል፣ አንገቱ ክፉኛ ተጎዳ። ያ ጉዳት የስቶን ኮልድን የሪንግ ዕድሜ አሳጠረው። ኦውን ሃርት ራሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1999 በካንሳስ ሲቲ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሲወርድ ማያያዣው ተለቆ ወደቀና ሞተ። ዝግጅቱ ግን አልተቋረጠም። ሬሳው ወጥቶ ቀጣዩ ግጥሚያ ተደረገ። “ድራማ” የሚለው ቃል እዚህ ጋ ይከብዳል።

አንደርቴከርም ቢሆን “ሞቶ የሚነሳው” በተረቱ ነው። በሬስልማኒያ 21 ጊዜ ሳይሸነፍ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2014 በኒው ኦርሊንስ በብሮክ ሌስናር ሲረታ ማታውኑ ሆስፒታል ገባ። ጭንቅላቱ ተመቶ ነበር። በ2020 ሪንጉን ተሰናበተ፤ ትክክለኛ ስሙ ማርክ ካላዌይ ይባላል።

ይህን ማወቅ ለአንድ ወገን በጣም ያስፈልጋል፤ ለልጆች። በየቪዲዮው መጀመሪያ “ቤት ውስጥ አትሞክሩት” የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። የገጠር ልጅ እንግሊዝኛውን አያነብም፤ ያየውን ግን ያስታውሳል። የጤፍ ገለባ ክምር ላይ ከአጥር ዘሎ “አንደርቴከር ነኝ” ማለት የተለመደ ጨዋታ ነበር። ገለባው ለስላሳ ቢሆንም አንገት ግን አንገት ነው። ደብሊው ደብሊው ኢ ራሱ ፓይልድራይቨርን ከጥቂት ሰዎች በስተቀር ለሠለጠኑት ባለሙያዎቹ ሳይቀር ከልክሏል። ባለሙያ የተከለከለውን ልጅ መሞከር የለበትም። አባትና ታላቅ ወንድም “ውሸት ነው፣ ተወው” ከሚሉ “የሚያሸንፈው ተጽፏል፤ አወዳደቁ ግን የምር ነው” ቢሉ ልጁን ይጠብቁታል።

የእረኛው ዳኝነት

ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ ሌላ ዳኛ አለ። የቋሪት፣ የሰከላ፣ የወምበርማ፣ የጃቢ ጠህናን ገጠር ልጅ ትግልን ከቴሌቪዥን አልተማረውም። ከብት ሲጠብቅ ነው የተማረው። እረኛ ሜዳ ላይ ወገብ ለወገብ ተያይዞ፣ ጠልፎ፣ አንስቶ ይጥላል። ሕጉ አጭር ነው። ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። አለቀ። “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ብሎ የሚቆጥር ዳኛ የለም፤ ወንበር አንስቶ መማታትም የለም።

በዚህ ዓይን ሬስሊንግን ያየ ገበሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ወድቋል እኮ! ለምን ይነሳል?” ብሎ ነው። አሥር ጊዜ ወድቆ የሚያሸንፍ ሰው ለሱ ቀልድ ነው። ቀጥሎ የሚጠይቀው ደግሞ “ዳኛው ለምን ዞር ይላል?” የሚለው ነው። ወንበሩ የሚነሳው ሁልጊዜ ዳኛው ሲዞር መሆኑን የከተማው ልጅ በስንት ካሴት ያልደረሰበትን የገጠሩ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይደርስበታል።

ይህ ትግል ደግሞ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ከገና፣ ከፈረስ ጉግስ፣ ከገበጣ፣ ከቀስትና ከሌሎቹ ጋር ትግልን በሕግና በኪሎ ከፍሎ ክልሎችን ያወዳድራል። ለቡሬ ቅርብ በሆነው የአዊ ምድርም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ይሰበስባል። ያለ ስክሪፕት፣ ያለ ርችት። የአሜሪካን ቀበቶ ባለቤት ቆጥሮ የሚያውቅ ወጣት የክልሉን የትግል አሸናፊ ስም ቢጠየቅ ግን አንገቱን ያካል። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። ያኛውን የሚያሳየው አለ፤ ይሄኛውን የሚያሳየው የለም።

ነሐሴ 2015

ካሴት በሲዲ፣ ሲዲ በዲሽ፣ ዲሽ በሞባይል ተተካ። ቪዲዮ ቤቶቹም አንዳንዶቹ ተዘጉ፤ አንዳንዶቹ የእንግሊዝ ኳስ ማሳያ ሆኑ። ሬስሊንግ ወዳዱ ግን ስልኩ ላይ አገኘው። አሜሪካ ማታ የሆነውን ጎጃም ጠዋት ቁርስ ላይ ያየዋል። “ቀበቶው የማነው?” የሚል ጠብ ቀረ።

ከዚያ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. መጣ። በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸው በወቅቱ ተዘገበ። ስሟ “የሰላም መንገድ” ማለት የሆነ ከተማ ሐዘን ተቀመጠች። ያኔ ስለ ሬስሊንግ የሚያስብ ማን ነበር?

ዓለም ግን አልቆመም። የሬስሊንግ ታሪክ ከባድ የሚባሉት ቀናት እዚያው ወር ውስጥ ተደራረቡ። ኦገስት 23 ቀን 2023 አንጋፋው ቴሪ ፈንክ በ79 ዓመቱ አረፈ። በማግስቱ ብሬይ ዋያት በ36 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ኦገስት 27 ቀን፣ በእኛ ነሐሴ 21፣ ኤ.ኢ.ደብሊው የተባለው ተፎካካሪ ድርጅት በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ከ80 ሺህ በላይ ትኬት የሸጠበትን ታላቅ ዝግጅት አደረገ። ሲ.ኤም. ፓንክ እዚያው ከመጋረጃ ጀርባ ተጣልቶ በሳምንቱ ተባረረ። ኖቬምበር 25 ቀን ደግሞ በትውልድ ከተማው በቺካጎ ወደ ደብሊው ደብሊው ኢ ተመልሶ ሕዝቡን አስለቀሰ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ወዳጅ በእጁ ያለው ስልክ መደወያ ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ በሚሞሪና በፍላሽ ካልያዘለት ምንም አያይም። ብሬይ ዋያት ሞቶም በአሮጌ ፋይል ላይ ፋኖሱን ይዞ ሲመጣ ማየት፣ እንደገና የኤዲ ጉሬሮን ዘመን መኖር ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ነገሩ ተመልሶ ካሴት ሆነ። ልዩነቱ፣ ያኔ ወሬ የሚዘገየው መንገዱ ሩቅ ስለነበረ ነው።

ከትልቁ ቤት ውጪ

መስመሩ እየተመለሰ ሲመጣ ክርክሩ ሰፍቶ መጣ። ድሮ ሬስሊንግ ማለት ደብሊው ደብሊው ኢ ብቻ ነበር። ተፎካካሪው ደብሊው ሲ ደብሊው በ2001 ከተገዛ በኋላ ሌላ ያለ አይመስልም ነበር። አሁን ግን ነቃ ያለው ወዳጅ በ1972 በአንቶኒዮ ኢኖኪ የተመሠረተውን ኒው ጃፓን፣ በ2002 የተጀመሩትን ቲ.ኤን.ኤ.ን እና ሪንግ ኦፍ ኦነርን ያነሳል። እነ ኤጄ ስታይልስ፣ ሳሞአ ጆ፣ ዳንኤል ብራያንና ሲ.ኤም. ፓንክ ስማቸውን ያስጠሩት በነዚህ አነስተኛ ቤቶች ነው። ሲናን እጅ ያሰጠው ጉንተር ራሱ ዋልተር በሚል ስም በጀርመንና በእንግሊዝ ትንንሽ አዳራሾች ለዓመታት ሲላጥ የኖረ ሰው ነው።

በ2019 ኤ.ኢ.ደብሊው ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ቶኒ ካን ነበር። ለኳስ ወዳጁ ስሙ አዲስ አይደለም፤ አባቱ ሻሂድ ካን ከ2013 ጀምሮ የፉልሃም ባለቤት ነው። ስለዚህ በሻይ ቤቱ ክርክር “የፉልሃሙ” እና “የማክማን” የሚሉ ሁለት ጎራዎች ተፈጠሩ። አንዱ “የፉልሃሙ ቤት ትግሉ የምር ይመስላል” ሲል፣ ሌላው “ታሪክ የለውም፤ ዝም ብሎ መዝለል ነው” ይለዋል። ማክማን ራሱ ከኩባንያው ወጥቷል፤ ድርጅቱም ከ2023 ጀምሮ ከዩ.ኤፍ.ሲ ጋር በአንድ ኩባንያ ሥር ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጎራ የለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2019 በጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን በሬስልማኒያ 35 ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ የደብሊው ደብሊው ኢን ቀበቶ ታጠቀ። በአፍሪካ የተወለደ ሰው ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። ሲጀምር “ጃማይካዊ ነው” ተብሎ በሐሰት አነጋገር ነበር የቀረበው። በ11ኛ ዓመቱ ግን በራሱ አገር ስም ነገሠ። “የተጻፈ ነው” ለሚለው ሰው እዚህ ላይ መልስ አለ። ቢጻፍስ? እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ለአፍሪካ ልጅ አልጻፈለትም ነበር።

የተመታው እጅ

ወደ ሲና እንመለስ። 17 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ የሪክ ፍሌርን የ16 ክብረ ወሰን የሰበረው ገና በኤፕሪል 2025 ነበር። ከ650 በላይ በጠና የታመሙ ሕፃናትን ምኞት በአካል ተገኝቶ ፈጽሟል፤ ይህ የተጻፈ ታሪክ ሳይሆን የተመዘገበ ሥራ ነው። በዚያች ንጋት በእጁ መታ ሲያደርግም፣ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ አብሮት ያደገ አንድ ትውልድ አብሮ ተሰናበተ።

ለሦስተኛው ሰው የሚሰጠው መልስ ስለዚህ ይኸው ነው። ድራማ ነው፤ ጸሐፊም አለው። ጣውላው ላይ የሚወድቀው ግን ሰው ነው፤ ዕድሜው የሚያልቀውም የምር ነው። የቡሬው ሻይ ቤት ሰው በዚህ ይስማማ ይሆን? አይስማማም! ቢስማማማ ሁለተኛውን ሻይ ማን ያዛል?